ልምድ ስንት ነጥብ ነው?

ሰሞኑን የእህቴን ልጅ ይዤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቼ ነበር። ሐሳቤ ቤተ መዘክሩን ላሳየው ነበር። ጎብኝተን ስንወጣ፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ከቆመው፣ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ የትም ከማይደርሰው የሲሚንቶ ደረጃ አጠገብ አረፍ አልን። ልጁ ወዲያው ስልኩን አወጣ። በስልኩ መስኮት ላይ ጎራዴ የታጠቀ አንድ ጎረምሳ ጫካ ለጫካ እየተሽሎከለከ ተኩላ መሰል አውሬ ይገድላል። አውሬው በወደቀ ቁጥር ከሬሳው ላይ አንዲት አኃዝ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ገደለ፤ ብልጭ አለች። ገደለ፤ ብልጭ አለች። ቦታው አይለወጥ፣ አውሬው አይለወጥ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ኤክስፒ እየሰበሰብኩ ነዋ! ጋሼ፣ አንተም ድሮ እንዲህ ዓይነት ጌም ትጫወት ነበር አሉ። ቶሎ የሚሰበሰብበትን መንገድ ታውቃለህ?»

ሳቅሁ። ከሃያ ዓመት በፊት ከዚያው ከስድስት ኪሎ ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ እኔው ራሴ ይህንኑ ጥያቄ እየደጋገምኩ ስጠይቅ ነበር የኖርኩት። መልሱንም አግኝቼው ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ልነግረው ብሞክር ግን ነገሩ ረዘመብኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልጨረስኩት መልስ ነው።

አንባቢ «የቪዲዮ ጨዋታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሂስ የበቃው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። ልብ ወለዱን፣ ግጥሙን፣ ቴአትሩንና ፊልሙን በወግ በወጉ ስንሄስ ኖረን ይህንን ግን «የልጆች ጊዜ ማጥፊያ» ብለን ከደጅ መልሰነዋል። ሆኖም አንድ ወጣት ለአንድ መለስተኛ ልብ ወለድ አምስት ስድስት ሰዓት ቢሰጥ፣ ታሪክ ላለው ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ አርባና ሃምሳ ሰዓት ይሰጣል። ጨዋታው ደራሲ አለው፤ ገፀ ባሕርያት አሉት፤ መቼትና ጭብጥም አለው። ከልብ ወለድ የሚለየው ታዳሚውን ገጽ ከማስገለጥ አልፎ ሥራ ማሠራቱ ነው። ስለዚህ ሂሱ «ምን ይተርካል?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ምን ያሠራል?» ብሎም መጠየቅ ይኖርበታል። ልጁ ኤክስፒ ያለው የልምድ ነጥብ የዚያ ሥራ ደመወዝ ነው። ሠራተኛ ደግሞ ስለ ደመወዝ አከፋፈል ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

የልምድ ነጥብ የተወለደው በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሳይሆን በወረቀትና በእርሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን ጨዋታ አወጡ። ወዳጆች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ተዋጊ አንዱ አስማተኛ ሆኖ፣ በቃል ብቻ ወደ ዋሻ ይገባሉ። በዚያን ጊዜ ነጥብ የሚያስገኘው አውሬ መግደል ብቻ አልነበረም፤ ይበልጡን ያስገኝ የነበረው ከዋሻው ይዘውት የወጡት ሀብት ነው። አንድ የወርቅ ሳንቲም አንድ ነጥብ ይታሰባል። እናም ብልህ ተጫዋች ዘንዶውን አይገጥምም፤ ዘንዶው ባንቀላፋበት ወርቁን ይዞ ውልቅ ይላል። ሒሳቡ ለጡንቻ ሳይሆን ለዘዴ ያደላ ነበር ማለት ነው።

በጃፓን ዩጂ ሆሪ ደርሶት ኤኒክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው «ድራገን ኩዌስት» ሲመጣ ግን ሒሳቡ ጠበበ። ነጥብ በመግደል ብቻ ሆነ። የመጀመሪያዋና ደካማዋ ጠላት የጠብታ ቅርጽ ያላት ስላይም ናት፤ እሷን የገደለ 1 ነጥብ ያገኛል። ወደ 2ኛው ደረጃ ለመውጣት 7 ነጥብ ይበቃል። የመጨረሻው 30ኛ ደረጃ ግን 65,535 ነጥብ ይጠይቃል። ይህ ቁጥር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ በ16 ቢት ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር ነው። የጀግናው የልምድ ወሰን የማሽኑ የቁጥር ወሰን ሆነ ማለት ነው።

በዚያው ጨዋታ አንዲት ብረት ለበስ ስላይም አለች። ሰይፍ አይበሳት፤ ገና ስትታይ ትሸሻለች። ቀንቶት የገደላት ግን የብዙ ውጊያ ነጥብ ባንድ ጊዜ ይቆጠርለታል። እንግዲህ ተጫዋቹ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ደካሞቹን ሲደጋግም ይውላል፣ ወይ ይህችን ሯጭ ያሳድዳል። የመጀመሪያውን መንገድ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «መፍጨት» በሚል ቃል ይጠሩታል። እህል እንደሚፈጨው ማለታቸው ነው። የእህቴ ልጅ ከደረጃው ሥር ተቀምጦ ይፈጭ ነበር።

እኛ የፈጨነው በ1995 ዓ.ም. ግድም ነው። ከየካቲት 12 ሐውልት ወረድ ብሎ፣ በአንድ ቅያስ ውስጥ፣ ዛሬ የሌለ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ማሽን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር። በሦስቱ ላይ ኳስ ነው፤ ክፍያው በጨዋታ ሲሆን የተሸነፈ ይነሳል። በአራተኛው ላይ እኔና አንድ ጓደኛዬ ነን። የእኛ ክፍያ በሰዓት ነው። ኳስ ተጫዋቾቹ «ፊልም አያዮቹ መጡ» ይሉን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የምንጫወተው ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣውን፣ አራት ዲስክ የሞላውን «ፋይናል ፋንታሲ 8» ነበር። በሰዓት ለሚከፍል ሰው «በስንት ደቂቃ ስንት ነጥብ?» የሚለው የሳንቲም ጥያቄ እንጂ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በእግራችን እየወጣን የታክሲያችንን ለባለቤቱ እናስረክባለን።

የታሪኩ ባለቤት ስኳል የተባለ የ17 ዓመት ወጣት ነው። የሚኖረው ባላምብ ጋርደን በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ቅጥረኛ ወታደሮችን አሠልጥኖ ለከፈለ ሁሉ ያከራያል። በግቢው ውስጥ አውሬ የተለቀቀበት አንድ መለማመጃ አለ፤ ከአውሬዎቹም አንዱ ግዙፍ ዳይኖሰር ነው። በአስማት እያስተኛን እንደበድበዋለን። በዚህ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ደረጃ 1,000 ነጥብ ይበቃል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው ብለን ታሪኩን አቆምነው። የስኳል ጓደኞች ይጠብቁ፤ ጦርነቱም ይጠብቅ። እኛ ለሳምንታት እዚያ መለማመጃ ውስጥ ዞርን።

ጓደኛዬ የጎጃም ልጅ ነው። ወደ አስኳላ ከመምጣቱ በፊት ቅኔ ቤት ዓመታት ቆይቷል። ከጉባኤ ቤት ያመጣው ልማድ ይሁን አላውቅም፣ ሁሉን ነገር በደብተር ይጽፋል፤ የትኛው አውሬ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ፣ ስንት ምት እንደሚፈጅ። አንድ ቀን ከመለማመጃው ወጥተን ወደ ሜዳው ስንመለስ፣ በፊት በአንድ ምት የምንጥላቸው ትንኝ መሰል ነፍሳት አልወድቅ አሉን። ሁለት ምት፤ ሦስት ምት። ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣

«አንተ፣ እነዚህ ነገሮች ከእኛ ጋር እያደጉ ነው እኮ» አለኝ።

እንዳለውም ነበር። በ«ፋይናል ፋንታሲ 8» የአብዛኞቹ ጠላቶች ደረጃ የሚወሰነው በተጫዋቹ ቡድን አማካይ ደረጃ ነው። አንተ ስትወጣ እነሱም ይወጣሉ። የየምዕራፉ ታላላቅ ጠላቶች ደግሞ ቢሸነፉም የልምድ ነጥብ አይሰጡም። ከዚያም በላይ፣ አውሬን ከመግደል ይልቅ ወደ መጫወቻ ካርታ የሚለውጥ አንድ ትእዛዝ አለ። ካርታ የሆነ አውሬ ነጥብ የለውም፤ ግን ሌላ የሚጠቅም ነገር ያስገኛል። ጓደኛዬ ሁሉን ደምሮ ቀንሶ የደረሰበት መደምደሚያ ይህ ነበር፤ በዚህ ጨዋታ የቀልጣፋው መንገድ ልምድ አለመሰብሰብ ነው! ሳምንታት ሙሉ በሰዓት እየከፈልን ጠላቶቻችንን ስናሳድግ ነበር የከረምነው።

እኔ ስናደድ እሱ ይስቃል። «ይኼማ እንደኛ ጉባኤ ነው» አለ። «ትናንት የቆጠርከውን ቅኔ ዛሬ ብትደግመው የኔታ ይቀበሉሃል? ‹ይኼን ሰምተነዋል› ነው የሚሉህ።»

ይህን ንግግሩን ያኔ እንደ ቀልድ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ግን ጨዋታውን ለመሄስ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። የቅኔ ተማሪም በደረጃ ይወጣል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ከዚያም ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይሻገራል። ሥራውንም «ቅኔ መቆጠር» እንለዋለን። ነገር ግን ቁጥሩ ድግግሞሽን አይቀበልም። መቶ ጉባኤ ቃና የቆጠረ ተማሪ መቶ ጊዜ አዲስ ምሥጢር ፈልጓል ማለት ነው እንጂ አንዱን መቶ ጊዜ ፈጭቷል ማለት አይደለም።

በዚህ መለኪያ «ፋይናል ፋንታሲ 8» በከፊል ያልፋል። ደራሲዎቹ መፍጨትን ማወደስ እንደማይገባ ገብቷቸዋል። ቁጥር የሚያካብተውን ሰው ዋጋ ያስከፍሉታል። ይህ ድፍረት ነው፤ ብዙ ተጫዋቾችም ለዚሁ ድፍረታቸው እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረጉላቸውም። ግን በአንድ በር ያስወጡትን በሌላ በር መልሰው አስገብተውታል። በዚህ ጨዋታ እውነተኛው ጉልበት የሚመጣው ከጠላት አስማት እየቀዱ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት እስከ 100 ድረስ በማከማቸት ነው። ስለዚህ ብልጡ ተጫዋች አንድ አውሬ ፊት ቆሞ፣ ሳይገድለው፣ አስማቱን እንደ ጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ይውላል። እኛም ቀዳን። ወፍጮው ቀርቶ ጉድጓዱ ተተካ እንጂ ሥራው ያው ነው። ትምህርት ቤቱም ራሱ ያን ያህል የከበረ አይደለም። የስኳል ማዕረግና ከማዕረጉ ጋር የተያያዘው ደመወዙ፣ በየደረጃው አሥር አሥር «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው ጥያቄዎች ባሉት የጽሑፍ ፈተና ጭምር ያድጋል። ጦር ሜዳ ሳይወርድ፣ ቁጭ ብሎ በመመለስ ብቻ።

የዚህ ሥራ ትልቁ ሐሳብ ያለው ግን ከሒሳቡ ውጪ ነው። ስኳልና ጓደኞቹ ኃይል የሚያገኙት ከጠባቂ መናፍስት ጋር በመቆራኘት ነው። በሁለተኛው ዲስክ ላይ፣ በሚሳይል በፈረሰ አንድ ሌላ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ተሰብስበው ሳለ፣ አንደኛው የማይታሰብ ነገር ይነግራቸዋል። አብዛኞቻቸው በልጅነታቸው በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አብረው አድገዋል። ታዲያ እንዴት አይተዋወቁም? መናፍስቱ የጉልበት ዋጋ አድርገው የሚወስዱት ትዝታን ነው። በበረቱ ቁጥር ረስተዋል። አሳዳጊያቸውን እንኳ ረስተዋል።

ይህን ትዕይንት ባየን ምሽት ከቤቱ ወጥተን እስከ ሽሮ ሜዳ አልተነጋገርንም። ሆኖም እንደ ሃያሲ እንከኑን መናገር አለብኝ። ይህ ታላቅ ሐሳብ በታሪኩ ውስጥ ይነገራል እንጂ በጨዋታው ውስጥ አይሠራም። ተጫዋቹ መናፍስቱን እንደ ልቡ ቢጠቀም ምንም የሚጠፋበት ነገር የለም። ትረካው «ኃይል ትዝታን ይበላል» ይላል፤ ሒሳቡ ደግሞ «ግድ የለም፣ ቀጥል» ይላል። ቃልና ሥራ ተለያዩ።

ይህ ክፍተት የተደፈነው ከ16 ዓመት በኋላ ቶቢ ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው «አንደርቴል» በተባለ ጨዋታ ይመስለኛል። አንድ ሕፃን ከምድር በታች ወደ ጭራቆች አገር ይወድቃል። ማንኛውንም ጭራቅ መግደል ይቻላል፤ አነጋግሮ፣ አስቆ፣ ምሮ መሸኘትም ይቻላል። የገደለ ነጥብ ያገኛል፤ የማረ አንዳች የልምድ ነጥብ አያገኝም፤ ሁሉን የማረ እስከ መጨረሻው በ1ኛው ደረጃ ላይ ይቆያል። ሊጠናቀቅ ሲል አንድ ገፀ ባሕርይ ተጫዋቹን አቁሞ፣ ሲሰበስበው የኖረው ኤክስፒ የልምድ ሳይሆን የግድያ ነጥብ መጠሪያ መሆኑን፣ ደረጃውም የጭካኔው መጠን መሆኑን ያረዳዋል። በቀልጣፋው መንገድ ሁሉን የፈጀ ሰው የሚጠብቀው ባዶ አገር ነው። ጨርሶ፣ ተጸጽቶ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ቢነሳ እንኳ ጨዋታው አይረሳለትም፤ በኋላ በሚያገኘው መልካም ፍጻሜ ላይ የቀድሞው ሥራው ጥላ ይወድቅበታል። እዚህ ላይ ቃልና ሒሳብ አንድ ሆኑ። ከሠላሳ ዓመት በላይ «ልምድ» ሲባል የኖረው ቁጥር ስሙን ተገፈፈ።

ወደ እኛ ልመለስ። ማሽኑ ጉዟችንን የሚያስቀምጠው 15 ክፍል ባላት አንዲት ትንሽ የትዝታ ካርድ ላይ ነበር። የእኛ ጉዞ አንዷን ክፍል ይዟል። ሦስተኛው ዲስክ ላይ ደርሰን ሳለ አንድ ቅዳሜ ስንመጣ ስኳል የለም። ካርዱ ሞልቶበት ነው መሰል፣ አንዱ በቦታው የኳስ ሊጉን አስቀምጦበታል። ማን እንደሆነ አልታወቀም። የአርባ ሰዓት ግድም ክፍያ በአንድ ቁልፍ ሄደ። ወጥተን ግንብ ሥር ተቀመጥን። ጓደኛዬ ምንም አላማረረም፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክልኝ ያዘ። ስኳል ከባላጋራው ጋር ተፋልሞ ፊቱ ላይ የተቆረጠበትን፣ የጭፈራውን ምሽት፣ የፈረሰውን ሜዳ። አንዱም አልቀረበትም። እኔም እየተቀበልኩ አስታወስኩ።

ከመለማመጃው ሰዓታት ግን አንዷን እንኳ ለይተን ማስታወስ አልቻልንም። ዛሬም አልችልም። የዳይኖሰሩ መውደቅ አንድ ትዝታ ነው እንጂ ሁለት መቶ ትዝታ አይደለም።

«ልምድ» የሚለው ቃላችን «ለመደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ያየነውንና የደረሰብንንም ይሰይማል፤ ደጋግመን የለመድነውንም ይሰይማል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጨዋታዎቹ ሁለተኛውን ቆጥረው በመጀመሪያው ስም ይከፍሉናል። ጨዋታዎቹን ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ይሆናል። ጓደኛዬ በተመረቀ ዓመት አራት ኪሎ ጋዜጣ ከሚያከራዩት ዘንድ ቆመን የሥራ ማስታወቂያ ስንፈልግ ከረምን። በየማስታወቂያው ሥር «የሥራ ልምድ» የሚል መስመር አለ፤ ቀጥሎ ቁጥር። ሁለት ዓመት፤ አራት ዓመት። በምን ዓይነት ሥራ፣ ምን ተማረበት ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ዓመት ሠርቶ አራት ጊዜ የደገመ ሰው አራት ተብሎ ይቆጠርለታል። የጓደኛዬ የቅኔ ቤት ዓመታት የሚጻፉበት ሣጥን ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ቦታ «0 ዓመት» ተብሎ ተቀጠረ። ያን ቀን እንደ ልማዱ ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

እነሆ የእህቴ ልጅ የተደገፈው ደረጃም በዚሁ ዓይነት ሒሳብ የተሠራ ነው። የጣሊያን ፋሽስቶች ሲያቆሙት እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተቆጠረ አንድ የሥልጣን ዓመት መታሰቢያ ነበር። ቆጠሩ፤ አንድ አንድ እርከን ጨመሩ፤ ወደየት እንደሚያወጣ ግን የጠየቀ የለም። ዛሬ ከአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከአደባባዩ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ደግሞ ትዝታን እንጂ እርከንን አይቆጥርም።

ለልጁ መልሱን አልከለከልኩትም። ጠላትህ ከአንተ ጋር የሚያድግ ከሆነ አትፍጭ፤ የማያድግ ከሆነ ከደካማው ይልቅ አንድ ደረጃ ከሚበልጥህ ጋር ግጠም፤ የሚሸሽ ካገኘህ አሳድደው አልኩት። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ በኋላ እኔም በተራዬ ጠየቅሁት።

«ይኼ ልጅ ስሙ ማን ነው? ጫካ ውስጥስ ምን አመጣው?»

ስልኩን አየ፤ እኔን አየ። «መጀመሪያ ላይ ያወሩ ነበር፤ እኔ ግን አለፍኩት» አለ።

«በል እንግዲያው እሁድ ስትመጣ ትተርክልኛለህ።»

ተነስተን ወደ አደባባዩ ስንወርድ ስልኩን ኪሱ አልከተተውም። ቢሆንም አኃዟ ብልጭ ማለቷን አቁማ ነበር። በመስኮቱ ላይ ጽሑፍ ይታያል፤ ልጁም እየተራመደ በለሆሳስ ያነባል።